መልስ በሦስት ቀን ውስጥ

ሐምሌ 6 ቀን፣ ማክሰኞ

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም፦ ልጄና ባሏ እኔን ሳያማክሩ በእኔ ላይ አንዳች ነገር እየወሰኑ መሆናቸውን ስለ ጠረጠርሁ፣ የሚሉትንና የሚያደርጉትን በየዕለቱ ለመመዝገብ ነው። በማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት በአራሚነት ሠርቻለሁ። ሰው የተናገረውን ይክዳል፤ የተጻፈውን ግን ከፊቱ ዘርግተህ ታሳየዋለህ።

ጉዞ ከጀመርን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ተጓዦቹ አራት ነን፤ ነርሷ ልጄ፣ አውቶቡስ ነጂው ባሏ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጃቸውና እኔ። አማቼ ከባልደረባው በተዋሰው አሮጌ ሚኒባስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞርን «ገበያ እናያለን፣ የመንገድ ምግብ እንቀምሳለን» ተብሏል። ገበያ በሰፈራችንም እንዳለ ባስታውሳቸው፣ ልጄ «አባዬ፣ ዕረፍት እኮ ነው! ቤት ተቀምጠው ጋዜጣ ከሚያርሙ ትንሽ ነፋስ ይንካዎት» አለችኝ። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለ ነፋስ አንሥታ አታውቅም።

ቆመው የሚበሉት ምግብ ምግብ አይደለም፤ መኖ ነው። ይህን አቋሜን ከመነሣታችን በፊት አሳውቄ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ደረቅ ዳቦ በቆርቆሮ ዕቃ ይዣለሁ።

የዛሬው ገበያ ከድልድይ ሥር የተዘረጋ ነው። ከላይ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ በዘይቱ መጥበሻ ላይ ይወርዳል፤ ሰዉም ያንኑ ተሰልፎ ይገዛል። ልጄ ግን አንድም ነገር አልቀመሰችም። ከአንዱ መጥበሻ ወደ ሌላው እየሄደች ስልኳን አውጥታ ለሻጮቹ አንድ ነገር ታሳያለች። እኔ ስጠጋ ኪሷ ትከታለች።

«ምንድን ነው የምታሳዪአቸው?»

«ዋጋ እየጠየቅሁ ነው፣ አባዬ።»

ዋጋ በፎቶግራፍ ይጠየቃልን?

ወደ ማረፊያው ስንመለስ ከኋላ ወንበር ያሸለብሁ መስሏቸው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ገና ነው፤ ቀስ ብለን። አሁን ከነገርናቸው መልሱኝ ብለው ያስጨንቁናል» አለች ልጄ። የሚነገረኝ ምንድን ነው?

ሐምሌ 8 ቀን፣ ኀሙስ

የልጅ ልጄ ከጥብስ በቆሎ ሻጭ ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች።

«አያቴ፣ አንድ ብቻ!»

«ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል» አልኋት።

ይህ የቤቴ ሕግ ነው። ልጆቼ ፊደል ከለዩበት ቀን ጀምሮ ማናቸውንም ነገር፣ ጫማም ይሁን ከጓደኛ ቤት ማደር፣ በጽሑፍ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እሰጥ ነበር። ደብዳቤው ስሕተት ቢኖርበት በቀይ ብዕር አርሜ እልከዋለሁ፤ ተስተካክሎ ሲቀርብ ይወሰንለታል። እናታቸው «ክቡር ሚኒስትር» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ልጆቹ ግን በዚህ ሥርዐት ሰው ሆነዋል። አንደኛዋ ሆናለች ማለቴ ነው።

ሕፃኒቱ ወረቀት አውጥታ በጉልበቷ ላይ ጻፈች፦ «ለአያቴ። በቆሎ ስላማረኝ ይፈቀድልኝ። ሦስት ቀን ከጠበቅሁ ሰውዬው ይሄዳል።»

ክርክሩ የሚያስተባብሉት አልነበረም። ፈቀድሁ።

አማቼ ሆዱን ይዞ ሣቀ። «አባባ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም?»

«ስድብ ከሆነ በጽሑፍ አቅርበው» አልሁት። በቆሎ ሻጩም አብሮ ሣቀ።

ሕፃኒቱ በቆሎዋን እየጋጠች «አጎቴም እንዲህ ይጽፍ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናቷ የጫማዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ጎንበስ አለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

የሁለተኛውን ልጅ ጉዳይ በዚህ ደብተር እንደማላነሣ ከወዲሁ እመዘግባለሁ። ደጅ ጠንቼ በማተሚያ ቤቱ ያስቀጠርሁት ልጅ በስምንተኛ ወሩ ሥራውን ጥሎ በጋሪ ላይ ድንች ሊጠብስ ሄደ። «በዚህ ደጃፍ ከወጣህ አትመለስም» አልሁት፤ ወጣ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አራት ዓመት ሆነ። ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሐምሌ 11 ቀን፣ እሑድ

ዝናብ። ሁለተኛ ከተማ። ሸራ በሸራ ላይ፤ ከሸራው የተጠራቀመ ውሃ በአንገቴ ገባ። ልጄ «መጣሁ» ብላ አንድ ሰዓት ጠፋች። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ፣ ዐይኗ ቀይ። «ሽንኩርት የሚከትፉት ጋ ቆሜ ነው» አለች። በዚህ ዝናብ? ነገሩ ድፍን ቅል ሆነብኝ። አማቼ ሦስት ዐይነት ሾርባ ጠጥቶ ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ይበለው።

ሐምሌ 15 ቀን፣ ኀሙስ

በረጋ መንፈስ ልጽፍ እሞክራለሁ።

የማረፊያው ክፍሎች የተለያዩት በስስ ጣውላ ነው። ማድመጥ ነውር መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ጆሮ ክዳን የለውም። የሰማሁትን ቃል በቃል አሰፍራለሁ።

«እስከ ነሐሴ ሃያ ነው የሚቆየው» አለች ልጄ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ። ሦስት ዓመት።»

«አባባ ሦስት ዓመት ይቆያሉ ብለሽ ነው?»

«ዝም በል አንተ! ይሰማሉ።»

«እንግዲያው ንገሪያቸዋ። የሰውዬውን ጭንቀት አታይም? እንቁላሉን እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት።»

«ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል። ከነገርኋቸው እንቢ ይላሉ። አባዬን አታውቃቸውም።»

አንብቤ ያልገባኝ ጽሑፍ በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ ይህ ግን ውሉ የጠፋ ልቃቂት ሆነብኝ። ደጋግሜ ሳስበው አንድ ትርጓሜ ብቻ አገኘሁለት፤ የአረጋውያን መጦሪያ። ቦታ ይዘውልኛል፤ ቦታው እስከ ነሐሴ ሃያ ይቆያል፤ ውሉ የሦስት ዓመት ነው። ከገበያ ገበያ የሚያዞሩኝ ልቤ እንዲለሰልስ ነው።

ጢሜን በራሴ እላጫለሁ። መድኃኒቴን ማንም ሳያስታውሰኝ እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ረስቼ ውሃው አልቆ የነደደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የሆነው ደብዳቤ እያነበብሁ ስለ ነበር ነው። የምን ደብዳቤ እንደ ነበር እዚህ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም። አሮጌ ደብዳቤ ነው። ግልባጩ ነው፤ ዋናው በእጄ የለም።

በዚህ ከተማ ገበያ ሰባት ማስታወቂያዎች አንብቤ ከሰባቱ ስድስቱን በልቤ አርሜአለሁ። ሰባተኛው ሥዕል ብቻ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን፣ ኀሙስ

ሦስተኛ ከተማ። ገበያው ደረጃ ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ እርከን አንድ ሻጭ ተቀምጧል። የታችኛው የዓሣ ዘይት የላይኛውን ቂጣ ዓሣ ዓሣ እንዲል ያደርገዋል። ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ከጫማ ሰፊው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ።

ጫማ ሰፊው ሳይጠየቅ ተረከዜን ገልብጦ አየና «አባት፣ ይህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጫማ ነው» አለኝ። «ከሰው ጋር የሚሄድ ሰው ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ ወሬ ሊሰማ። የእርስዎ ቀጥ ብሎ ነው ያለቀው።»

«ቀጥ ብሎ መሄድ ጥፋት ነው?»

«ለጫማ አይደለም» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ከበላያችን ልጄ ሾርባ ሻጯን ስትጠይቃት ሰማሁ። «ባለሣጥኑን አይተሽዋል?»

በሰባ አራት ዓመቱ ሰው ሣጥን የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው የልብስ ማስቀመጫ አይደለም።

«ውይ፣ እሱማ ወደ ወደቡ ሄደ፣ ሳምንት አለፈው» አለች ሾርባ ሻጯ። «ድንቹን ለእኅቴ አስተምሯት ነው የሄደው፤ ያውልሽ ጥጉ ላይ። እንደ እሱ አይሆንላትም፣ ግን ይበላል።»

ድንች ጥብስ የሚያስተምር ሣጥን ሠሪ? ምናልባት ሰውዬው ሁለት ሙያ ይኖረው ይሆናል። ከዚህ ያለፈ ነገር አልገባኝም።

የልጅ ልጄ በወረቀት የተጠቀለለ ድንች ይዛ እየሮጠች መጣችና «አያቴ፣ ቁጭ ብለው ነው ያሉት፤ ስለዚህ መኖ አይደለም» አለችኝ። ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም፤ አፌ ውስጥ ከተተችው።

ድንቹ በቁመቱ ለአራት ተሰንጥቋል። በትኩሱ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ጨው ተነስንሶበት፣ እንደ ገና ሎሚ ተጨምቆበታል። ሚስቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። ሁለተኛው ሎሚ ለምን እንደሚያስፈልግ ብጠይቃት «የመጀመሪያው ለድንቹ፣ ሁለተኛው ለሚበላው» ትለኝ ነበር። ሌሎችም ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ይሆናል። ሎሚ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ጥቅሉን ጨረስሁት። ጨዉ ልክ ነበር። ሌላ የምመዘግበው የለኝም።

ሐምሌ 23፣ ዐርብ

እንቅልፍ አልነበረም። ጣቴ አሁንም ሎሚ ሎሚ ይላል። ሁለት ጊዜ ታጥቤአለሁ።

ሐምሌ 28 ቀን፣ ረቡዕ

ከዚህ በላይ መታገሥ ስላልተቻለኝ ለልጄ የሚከተለውን ደብዳቤ በቁርስ ሰዓት በእጇ ሰጠኋት፦ «ወደ አረጋውያን መጦሪያ ልታስገቢኝ መሆኑን ደርሼበታለሁ። እውነት ከሆነ አድራሻውን፣ ሐሰት ከሆነ የዚህን ጉዞ ዓላማ በጽሑፍ እንድታስረጂኝ እጠይቃለሁ።»

አነበበችው። ሣቀች። ሣቋ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አባዬ፣ እርስዎን? የት ነው የማስገባዎ?»

«በጽሑፍ።»

«እሺ፣ በጽሑፍ» አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። «ሦስት ቀን አለኝ አይደል?»

አማቼ እንቁላል እየላጠልኝ ነበር። ቀና ሳይል «እኔ ቢሆን ዛሬውኑ እመልስልዎት ነበር፣ አባባ። ግን ይህ ቤት የናንተ ነው፤ እኔ ሹፌር ነኝ» አለ።

ነሐሴ 1 ቀን፣ ቅዳሜ

መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በሥርዐቱ ነው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«አባዬ፤ እርስዎን የትም ልናስገባ አልመጣንም። የመጣነው ሰው ፍለጋ ነው። ወንድሜ በመርከብ ማብሰያ ቤት ተቀጥሯል፤ ነሐሴ 20 ቀን ይነሣል፤ ውሉ ለሦስት ዓመት ነው። ይህንን በአንድ አጭር መልእክት ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ከገበያ ወደ ገበያ እየተዘዋወረ ስለሚጠብስ ፎቶውን እያሳየሁ ስጠይቅ ቆየሁ፤ አሁን ወደቡ ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሳይሄድ እንዲተያዩ ብዬ ነው። ብነግርዎት እንደማይመጡ ዐውቅ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ዓመት ረጅም ነው፣ አባዬ፤ እርስዎም ሰባ አራት ዓመትዎ ነው።»

ስሕተት ፈለግሁበት። አላገኘሁበትም።

መጦሪያ ባለመሆኑ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጦሪያው ግን ይቀለኝ ነበር፤ እንቢ የምልበትን ቃል አዘጋጅቼ ነበርና። ለዚህኛው የተዘጋጀ ቃል የለኝም። መልሱኝ ልል አፌን ከፈትሁና «ወደቡ ስንት ቀን ይወስዳል?» የሚል ወጣኝ።

ነሐሴ 6 ቀን፣ ኀሙስ

ወደብ ገባን። ዛሬ ያየሁትን በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ሐሳቤ ግን እንደ ገበያው ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል።

ልጄ ቀድማ ሄዳ አገኘችው። ስትመለስ ፀጉሯ ተበታትኗል። «አቅፎ አነሣኝ» አለች። «እዚህ መሆንዎን ነገርሁት። ድንቹን አገላበጠ፣ ከዚያ ምን አለኝ መሰለዎት? "እኔ ጽፌአለሁ። ተራው የእሳቸው ነው።" ምን ጽፎልዎት ነው፣ አባዬ?»

«ስሕተት የበዛበት ደብዳቤ» አልኋት።

«መለሱለት?»

«መለስሁለት።»

ደብዳቤውን በፖስታ መልሼለታለሁና ቃሉ ትክክል ነው። እርሷ ግን እፎይ አለች፤ እፎይታዋን ማየት አልቻልሁም።

ከቀትር በኋላ፣ እርሱ ድንች ሊያመጣ ሄዷል በተባለበት ሰዓት፣ ብቻዬን ወደ ጋሪው ሄድሁ። ጋሪው በዓሣ ተራው መጨረሻ ላይ ቆሟል። ከጎኑ የእንጨት ሣጥን ተቸንክሯል፤ እርሳስ በሲባጎ ታስሮለታል። ከሣጥኑ በላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ቅሬታ ወይም ጥያቄ ያለው ደንበኛ በጽሑፍ ያቅርብ። መልስ በሦስት ቀን ውስጥ ይሰጣል።»

እጅ ጽሕፈቱን ለመለየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። ለረጅም ጊዜ ቆሜ ያየሁት ግን ያለ ምክንያት ነው።

በሣጥኑና በሸራው ምሰሶ መካከል ገመድ ተወጥሮ፣ የተመለሱት ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ጥቂቶቹን አነበብሁ።

«ትናንት ጨው በዝቶበት ነበር። ጫኝና አውራጅ።» «መልስ፦ እውነት ነው። ወሬ ይዤ ሁለት ጊዜ ጨመርሁ። ዛሬ አንድ ጥቅል ሳይከፍሉ ይውሰዱ።»

«ሰኞ ለምን አትመጣም? ዘበኛው።» «መልስ፦ ሰኞ እኔም ሰው ነኝ።»

«ስታድግ ምን ትሆናለህ? እኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።» «መልስ፦ ሳስብበት ሦስት ቀን አለፈብኝ፤ ይቅርታ። ከጠበስሁ በኋላ ሰዎች ዝም ብለው ሲበሉ ማየት እወዳለሁ። ያንን መሆን ይበቃኛል።»

ከአጠገቡ ዓሣ የምትጠብሰው ሴት በጭልፋዋ ጠቀሰችኝ። «አባት፣ ቅሬታ አለዎት?»

«አለኝ» አልሁ ሳላስበው።

«ይጻፉዋ! እሱ ሳይመልስ አይቀርም። መጀመሪያ እኔም ስቄበት ነበር፤ ድንች ሻጭ ምን ሆኖ ነው እንደ መሥሪያ ቤት ሣጥን የሚሰቅል ብዬ። ጠየቅሁት። "አንድ ጊዜ ጥያቄ ጽፌ መልስ አጣሁ፤ እንዴት እንደሚያቃጥል ዐውቀዋለሁ" አለኝ። ምን ያለው ጨካኝ ነው ለሱ የማይመልስ? አይበሉም እንዴ፣ አባት? ፊትዎ ዐመድ መሰለ።»

ውሃ ሰጠችኝ። ከመሄዴ በፊት ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ጆንያ ተሸክሟል። አንገቱ እንደ እናቱ ረጅም ነው። እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ሰክቷል፤ በቀኝ ጆሮው፣ እኔ በምሰካበት። ከዓሣ ቅርጫቶቹ ጀርባ ዞርሁ። የተደበቅሁ አይደለም፤ መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ነው።

ነሐሴ 7፣ ዐርብ

እስከ ዓሣ ተራው ደረስሁ። ተመለስሁ። ከሰዓት እንደ ገና። ተመለስሁ። አማቼ «አባባ፣ በቀን ስንት ዓሣ ይገዛሉ?» አለኝ። አምስት ዓሣ ገዝቻለሁ። የሚያበስለው የለም።

ነሐሴ 9 ቀን፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልሁ። አንዱን እጽፋለሁ፤ ሳነበው አርመዋለሁ፤ ታርሞ ሲያልቅ ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል። እንደ ገና እጀምራለሁ።

የልጅ ልጄ ከትከሻዬ በላይ ተንጠራርታ አየች። «አያቴ፣ ይህን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈው? በጣም ብዙ ተሳስቷል።»

«እኔ ነኝ።»

«ለራስዎም ቀይ ነው የሚጠቀሙት?» ደነገጠች። ትንሽ አሰበችና «ትናንት ከአባዬ ጋር ስንሄድ አጎቴ ድንች ሲሰጠኝ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?» አለች። እናቷም እኔም ዞርን። «"አያትሽ አሁንም እንቁላል በቆርቆሮ ይዘው ይዞራሉ?" ብሎ ሣቀ። ከዚያ ሄዶ ፊቱን ታጠበ።»

ምሽት ላይ ቀዩ ብዕሬ ጠፋ። ኋላ ላይ ከቆርቆሮው ዕቃ ውስጥ፣ ከእንቁላሎቹ ሥር አገኘሁት። እዚያው ተውሁት።

ነሐሴ 12 ቀን፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የሌሎችን ቃል ለመመዝገብ ተጀመረ። የእኔን ቃል ሳልመዘግብ ብዘጋው ያልታረመ ጽሑፍ ይሆናል።

እናቱ ባረፈች በሁለተኛው ወር የሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ለቀብሯ አልደረሰም ነበር፤ የሞቷ ዜና የሚላክበትን አድራሻ የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ሳለ በጊዜው አልላክሁበትም። ኀዘን ላይ ነበርሁ እላለሁ። ኀዘን ላይ የነበረ ሰው ግን በማተሚያ ቤቱ የሚታተም የሞት ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ አርሞ ልኳል።

በደብዳቤው እናቱ ምን እንደምትዘምር፣ ሎሚ እንዴት እንደምትጨምቅ፣ ከማተሚያ ቤቱ የወጣው እኔን ለማዋረድ አለመሆኑን ጽፎ ነበር። ቀይ ብዕር አነሣሁ። አርባ ሦስት ስሕተት አገኘሁበት። እያንዳንዱን ስሰርዝ እፎይ ይለኝ ነበር፤ የሚነበበውን ትቼ የሚታረመውን ስለማይ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ቤት መምጣት እችላለሁ» የሚል ነበር። የጥያቄ ምልክት አልነበረውም። ምልክቱን አደረግሁለት። በፖስታ አሽጌ ላክሁት። መልስ አላደረግሁበትም። ተስተካክሎ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ የቤቴ ሕግ እንዲያ ነበርና። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ።

ማንቆርቆሪያው የነደደው የዚያን ደብዳቤ ግልባጭ ሳነብ ነው። ከመላኬ በፊት በእጄ ገልብጬው ነበር። ለምን እንደ ገለበጥሁት ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁንም በቅጡ አልገባኝም። ለልጄ «መለስሁለት» ያልኋት ሐሰት ነው።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ይህን ያለ ሰው ልጅ ያልነበረው ይመስለኛል።

ነሐሴ 13 ቀን፣ ኀሙስ

ዛሬ ጠዋት የሚከተለውን በሣጥኑ ውስጥ ከተትሁ። በእርሳሱ ነው የጻፍሁት፤ ቆሜ፣ በጋሪው ጠርዝ ላይ፤ እርሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዘይት ሲያጠልል። ዓሣ ጠባሿ አየችኝና ወደ መጥበሻዋ ዞረች። አንዴ ብቻ ነው የጻፍሁት። ከትዝታዬ እዚህ ገለበጥሁት።

«ለጋሪው ባለቤት።

ቅሬታ አቅራቢ፦ ጡረተኛ አራሚ። ድንችህን በሦስተኛው ከተማ፣ ከጫማ ሰፊ አጠገብ፣ ቁጭ ብዬ በልቼአለሁ። በድንቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛው ሎሚ ለማን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ።

ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ቀርቦልኝ፣ በቤታችን ሕግ በሦስት ቀን መመለስ ሲገባኝ፣ አርሜ መለስሁት እንጂ መልስ አልሰጠሁበትም። የእናትህንም ሞት በጊዜው አላስታወቅሁህም። ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ ነው፤ ምክንያት አላቀርብበትም።

ለጥያቄህ መልሴ የሚከተለው ነው፦ አዎን። ና። በር አልተቆለፈም፤ ተቆልፎ ከሆነም ቁልፉ እናትህ ታስቀምጥ በነበረበት ቦታ ነው። በሃያ ትሄዳለህ፤ አትሂድ አልልህም፤ ጋሪህን የናቀ ሰው እንዲህ የማለት መብት የለውምና። ከመሄድህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ደግሞ፣ ና። በሕይወት ከቆየሁ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ።

ቆሜ ስለምጽፍ ጽሕፈቱ አላማረም፤ ደግሜም አላነበብሁትም። ስሕተት ብታገኝበት በቀይ አርመህ መልስልኝ። ነገር ግን እንደ እኔ አታድርግ፤ ከግርጌው መልስ ጻፍበት።

ከዓሣ ተራው ማዶ ባለው ማረፊያ፣ ታችኛው ፎቅ፣ ሁለተኛው ክፍል ነኝ። ከእኅትህ፣ ከባሏና ከልጃቸው ጋር ሆኜ፣ እስከ እሑድ ነሐሴ 16 ቀን ድረስ መልስህን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

አባትህ»